እናቴ ያልቀመሰችው ድስት

እናቴ በዕድሜዋ እልል ስትል የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ሞት የተፈረደበት ቀን ነው።

አሶሳ፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። ልጅ ችሎት አይገባም ተብሎ ለአንዲት ቆሎ ሻጭ አደራ ተሰጥቼ ነው። ከውስጥ የሰው ድምፅ ጉምጉም ሲል ቆየና ድንገት እልልታ ወጣ። የእናቴ መሆኑን ወዲያው አወቅሁት፤ ደስም አለኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ስለነበር፣ ሰርግ የመጣልን መሰለኝ። ቆሎ ሻጯን ማን ሊዳር ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሴትየዋ ፊቷን አዞረችና እፍኝ ሽምብራ ሰጠችኝ። ሰው በነፃ ሲሰጠኝ መጠርጠር የጀመርኩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ባምባሲ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት አለኝ። ስሜ ስርጉት ነው፤ ሹፌሮቹ ግን "ቀማሿ" ይሉኛል። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ያልቀመስኩት ነገር ከወጥ ቤቴ አይወጣም። አንቺ ሴትዮ ማንን ነው የማታምኚው ይሉኛል። ራሴንም አላምን እላቸዋለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

አባቴ ሰራዊት ይባላል። እሱም እናቴ በለጡም በደርግ ሰፈራ ጊዜ፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው። የምንኖረው ከባምባሲ ፈንጠር ባለች የሰፋሪ አምባ ነበር። አባቴን የገደለው ደባልቄ ነው፤ ጎረቤታችን፣ ማሳችን የሚዋሰን፣ ከአባቴ ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጣ ሰው። በበቆሎ ማሳ ድንበር ተጣሉ። ደባልቄ ወንዙ ዳር አድፍጦ ጠበቀውና በጥይት መታው። በግንፍልተኝነት ሳይሆን አድፍጦ በመግደሉ ነው ሞት የተፈረደበት። አባትሽም ድንበር ገፊ ነበር የሚሉኝ አልጠፉም። ይሁና። ድንበር መግፋት ከመቼ ወዲህ ነው በሞት የሚያስቀጣው?

ከፍርዱ በኋላ አንድ ከሰዓት ቄስ እዩኤል ቤታችን መጡ። የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው። የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ አንለይም መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ጥግ ይዤ በቆሎ እፈለፍላለሁ። አዋቂ ሰው በቆሎ የሚፈለፍል ልጅ ጆሮ ያለው አይመስለውም።

ቄሱ ነገር አላበዙም። ሰው ሞት ሲፈረድበት እልል ያለች ሴት ከአፏ ያወጣችውን እስክትመልስ ድረስ ቅዱስ ቁርባን አትቀርብም አሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። አጎቴ ግን ተነሳ።

"ሰው የገደለ ይገደል ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ?" አለ።

"ቃየልን ማን ገደለው?" አሉ ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ወንድሙን ገደለ። እግዚአብሔር ግን ማንም እንዳይነካው ምልክት አደረገበት።"

"መንግሥት ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ አይደለም የሚለውስ? እሱን ገጽ አይጥ በላብዎት?"

"ሰይፉ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጠየቅበት። እኔ የምጠየቀው ስለ በለጡ አፍ ነው። አንለይ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።"

አጎቴ አሁንም አልተቀመጠም። ለካ ሌላ ነገር በሆዱ ይዟል። ቄሱ የደባልቄ አገር ሰው እንደሆኑ፣ ወሎ ሳሉ የአንድ ቀዬ ልጆች እንደነበሩ አነሳባቸው። የሚያዝኑት ለመጽሐፉ ነው ወይስ ለአገራቸው ልጅ? ቄሱ አልመለሱለትም። እኔም በቆሎዬን ይዤ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ። የማይመልስ ሰው ያስጠረጥራል።

ከዚያ ወሬው ወደ መብላት ዞረ። በእኛ ዘንድ ደም የተቃቡ ሰዎች አንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ውኃ እንኳ በአንድ ጣሳ አይጠጡም። ከአንድ ሣህን ከበሉ ግን ደሙ ደረቀ፣ ታረቁ ማለት ነው። የአምባው ሽማግሌዎች ለደባልቄ የምሕረት ማመልከቻ ሊያስገቡ ነበር፤ የሟች ቤተሰብ ታርቋል ከተባለ ነፍሱ ልትተርፍ ትችላለች። አጎቴ እቅጩን ተናገረ፦ ካልበላን ይሰቀላል፣ አንበላም።

"ደሙ የማን ነው?" አሉ ቄስ እዩኤል። "ሟች እኮ ልጅ አለው።"

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። እኔ እጆቼን አየሁ። የበቆሎ ገለባ እንጂ ደም አልነበረባቸውም።

"ሴት ልጅ ደም አትወርስም" አለ አጎቴ።

"ማን አለ? ከሥጋው የወጣች አይደለችም?"

አጎቴ በሩን ገፍቶ ወጣ። ቄሱ ሊሄዱ ሲሉ እናቴን ደጃፍ ላይ አቁመው ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋገሯትን ሰማሁ። የደባልቄ ሚስት ብቀላ ፈርታ ወደ ወሎ ሄዳለች፣ ስንቅ የሚያቀብለው የለም አሏት። "ጠላትሽ ቢርበው አብዪው" አሉ። "ያን ጊዜ በራሱ ላይ የእሳት ፍም ትከምሪበታለሽ።"

ይኼ ነገር በጣም ገባኝ። ማለትም የገባኝ መሰለኝ። ቄስ ሆነው አይግደሉት ሲሉ ግራ አጋብተውኝ ነበር፤ ለካ ሌላ መላ አላቸው። ደባልቄ ከእናቴ እጅ ይበላል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ይነዳል። አባቴን በጣም ነበር የምወደው። ጭንቅላቱ ሲነድ ለማየት ቸኮልኩ።

እናቴ እሑድ እሑድ አሶሳ መሄድ ጀመረች። ከጓሯችን ማንጎ በፌስታል ሞልታ፣ በአይሱዙ ተጭና ትሄዳለች፣ ማታ ባዶ ፌስታል ይዛ ትመለሳለች። ቁርባን ግን አትቀርብም፤ ቅዳሴ ላይ ከኋላ ትቆምና ሰው ወደፊት ሲሄድ ነጠላዋን እየጎተተች ትወጣለች። አምባው አፉን ከፈተ። ወንዝ ልብስ ስናጥብ ሴቶቹ በለጡ የባሏን ገዳይ ትቀልባለች ሲሉ ሰማሁ። አንዷማ ድሮም ነገር ነበራቸው አለችና ሌሎቹ "እሽ! ልጅቷ!" ብለው አፏን አስያዟት። ነገሩ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እኔ የማውቀው ፍሪዳ ከመታረዱ በፊት እንደሚቀለብ ነው። እናቴ እያደለበችው ነው አልኩ በልቤ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ያ የሴቶቹ ሐሜት ሲገባኝ አሥራ ምናምን ዓመቴ ነበር። እናቴን ጠየቅኋት። በእጇ የያዘችውን ማማሰያ ሳታስቀምጥ "እኔ ደባልቄን ገጹን እንኳ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ችሎት ነው ያየሁት" አለችኝ። ማሳ የሚዋሰናትን ሰው ገጹን አላየሁም ስትል አመንኳት? አላመንኳትም። ግን ተውኩት።

ክረምቱ ገባ፣ ማንጎው አለቀ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ከጎታው ራስ ላይ የአይጥ መርዙን ስታወርድ አየኋት። የሆሞሻው ነጋዴ ማህጁብ ለገበያ ሲመጣ የሚሸጥልን፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ነው፤ በቆሏችንን ከአይጥ የምንጠብቅበት። በዝናብ ውስጥ ይዛው ወደ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር፤ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ በአመድ ፈትጋ እንደገና ታጠበች። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ አያለሁ። የእሳቱ ፍም ይኼ ነው አልኩ።

በማግስቱ ማልዳ ትንሿን ድስት ጣደች። ሽሮ ነው የሠራችው። እናቴ ወጥ ስትሠራ ማማሰያውን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች፣ ጨው ትጨምራለች፣ ደግማ ትልሳለች፤ ይኼን ሳታደርግ ያወጣችው ድስት አላውቅም። ያን ቀን እጇ ወደ አፏ አልሄደም። ድስቷን አማሰለች፣ አማሰለች፣ አወጣች። ፆም እንዳልል እሑድ ነው።

"እማ፣ አልቀመስሽውም" አልኳት።

"ዝም በይ። ልበሺ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

ምን እንደምሠራላት አልነገረችኝም። ሽሮውን ጎድጓዳ ሣህን ላይ ገልብጣ፣ በሁለት እንጀራ ሸፍና በጨርቅ ቋጠረችው። አይሱዙው ላይ በአንድ ላስቲክ ሥር ተጠልለን፣ ቋጠሮውን በመሃላችን አድርገን ሄድን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ሽሮው እንዳይነካኝ ጉልበቴን እሰበስባለሁ። እናቴ አየችኝና ምን ሆነሻል አለች። በረደኝ አልኳት።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ስንቅ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። እኔ ሰይፍ ነው የምፈልገው። አጎቴ መንግሥት ሰይፍ ታጥቋል ስላለ፣ በሩ ላይ ሰይፍ የያዘ ሰው የሚቆም መስሎኝ ነበር። የቆመው ግን አንድ አጭር ጠባቂ ነው፤ አሮጌ ጠመንጃ ትከሻው ላይ፣ መፋቂያ አፉ ውስጥ። ባቢከር ይባላል፣ የአገሩ ተወላጅ በርታ ነው። ለእሱ አማርኛ የተማረው ቋንቋ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። ሴቶቹ ሁሉ ይወዱታል። እናት ደህና ነህ፣ ልጅ ዳነ፣ ዝናብ መታህ እያለ ሣህን ሣህኑን ያስከፍታል።

እያንዳንዷ ሴት ሣህኗን ስትከፍት ከያዘችው ትቆርስና ትጎርሳለች። ባቢከር እስክትውጥ ያያል፣ ከዚያ ሣህኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ይኼን ሳይ ክው አልኩ። የሰው ስንቅ መርዝ እንዳይኖርበት ያመጣው ሰው መቅመስ እንዳለበት ያወቅሁት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ማንጎ አይቀመስም፤ ልጣጩ ያልተነካ ፍሬ ማን መርዝ ያደርግበታል? ለካ እናቴ ክረምት እስኪገባ ድረስ ማንጎ ብቻ የወሰደችው ወድዳ አይደለም።

ተራችን ደረሰ።

"ዛሬ ማንጎ የለም?" አለ ባቢከር።

"አለቀ" አለች እናቴ።

"በል ክፈት። ቅመስ።"

እናቴ ጨርቁን ፈታች። እንጀራውን ገለጠች። እጇ እዚያው ቀረ። ከኋላችን ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ከሽቦው ወዲያ እስረኞች ስንቃቸውን ሊቀበሉ ቆመዋል፤ ደባልቄን ከመሃላቸው አየሁት። ከስቷል። የቃየልን ምልክት ግንባሩ ላይ ፈለግሁ፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ይኼ ይሆናል አልኩ። እሱ እኛን አላየም፤ ዓይኑ የእናቴ እጅ ላይ ነው።

"ቅመስ፣ እናት" አለ ባቢከር፣ ድምፁ ለስልሶ። "ሕግ ነው። የኔ እናት ቢመጣም ይቀምሳል።"

እናቴ እጇን ከሣህኑ ላይ አነሳች።

"ስርጉት፣ ቅመሺ" አለችኝ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አንድም አልረሳሁም። መጀመሪያ፣ ረስታው ነው አልኩ። ፊቷን አየሁት፤ አልረሳችውም። ከዚያ፣ እምቢ ብል ባቢከር ያውቃል አልኩ። ካወቀ እናቴን ወደ ሽቦው ውስጥ ያስገባታል፣ በሷም ላይ ይፈረድባታል፣ ሌላ ሰው ችሎት ውስጥ እልል ይላል። እኔም አጎቴ ቤት አድጋለሁ፤ አጎቴ ልጆቹን በጠፍር ይመታል። አባት የለኝም፤ እናቴንም ከማጣ ብሞት ይሻለኛል። እንዲህ ነው ያልኩት፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ዝናብ ላይ ቆሜ።

ቆረስኩ። አጠቀስኩ። ጎረስኩ።

ሁሉም ያየኛል። ባቢከር ያየኛል፣ ሴቶቹ ያዩኛል፣ ደባልቄ ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ያየኛል። ዋጥኩት። መርዝ ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ የማውቀውን ነገር ተናገርኩ።

"ጨው የለውም።"

ባቢከር ሳቀ፤ ሴቶቹም ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ሣህኑን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አሳለፈው። ደባልቄ ግን እንደሌሎቹ ይዞት አልሄደም። እዚያው ቆሞ፣ እኔ የቆረስኩበትን ቦታ ፈልጎ፣ ከዚያው ቆርሶ ጎረሰ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። ይኸው ፍሙ ጀመረው አልኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

የመልሱ መንገድ ሞቴን ስጠብቅ አለቀ። ቀይ ቀሚሴ ለአጎቴ ልጅ እንዲሰጥ ወሰንኩ። ሆዴ ሲጮህ፣ በቃ ጀመረኝ ብዬ የእናቴን ጉልበት አቀፍኩ። ረሃብ ነበር። እናቴ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛችልኝና ስበላ ታየኝ ጀመር። እንደዚያ ቀን አይታኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ እያየች ያለችው እንዴት እንደምሞት ነው ብዬ ጠረጠርኳት፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ዝም ብላ ስታየኝ ዛሬም ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

አልሞትኩም። ደባልቄም አልሞተም፤ ሳምንቱን ሙሉ ወሬ ስጠብቅ ቆየሁ። በምትኩ አጎቴ አንለይ መጣ። ከደጃፍ አላለፈም።

"የወንድሜን ደም በልጁ አፍ አስጠጣሽው" አላት እናቴን።

እኔ አጎቴ የተናደደው መርዙ ስላልሠራ መሰለኝ። እስኪሞት ድረስ ያን ደጃፍ አልረገጠም፤ ስንቀብረው እንኳ ልጆቹ ሬሳውን በእኛ ቤት በኩል አላሳለፉትም።

መርዙ ሽሮው ውስጥ አልነበረም። እናቴ ከጓሮ ሽንት ቤቱ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍራ ነው የቀበረችው። ይኼን የነገረችኝ እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ፈትቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን ምስር እየለቀምን፣ ድንገት፣ ሳልጠይቃት። "ማንጎው ሲያልቅ ማብሰል ሊኖርብኝ ነው። ያ ነገር ቤት ውስጥ እያለ ለሱ ላበስል? እጄን አላመንኩትም" አለችኝ። ያልቀመሰችውም መርዝ ፈርታ አይደለም። ያን ድስት ቀመሰች ማለት ከደባልቄ ስንቅ በላች ማለት ነው፤ ከስንቁ ከበላች ደግሞ ታረቀች። ልታበላው ትችል ነበር፤ አብራው ልትበላ አልቻለችም። ባቢከር ቅመስ ሲላት የጠየቃት መርዝ እንደሌለው እንድታሳየው ብቻ ነው፤ እሷ የሰማችው ግን የባሏን ገዳይ ማሪው የሚል ነው።

የማረው ማን ሆነ ታዲያ? እኔ። የአባቴን ደም ይዤ የምዞረው እኔ፣ ባንዲት ጉርሻ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ፣ ልሞት ነው እያልኩ። ሽማግሌዎቹ ባቢከርን ጠየቁት፣ ልጅቷ በላች፣ እሱም ከበላችበት በላ አላቸው። ደሙ ደርቋል ተባለ። የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። እናቴ ነጭ ለብሳ ቁርባን ቀረበች። ወንጌሉ ተፈጸመ፣ ሁሉም ደስ አለው። አንድም ሰው ግን ስርጉት ምን ትያለሽ አላለኝም።

እናቴን ስንት ጊዜ ጠየቅኋት። አስበሽበት ነው የወሰድሽኝ ወይስ ጨንቆሽ ነው? ሲላት ጨንቆኝ ነው ትላለች። ሲላት ደግሞ እግዚአብሔር ነው ያስደረገኝ ትላለች። ከዚያ በፊት ባንዱም እሑድ ይዛኝ ሄዳ አታውቅም፤ ምግብ መያዝ በጀመረችበት ቀን ግን ይዛኝ ሄደች። እኔ ነገር አገጣጥማለሁ፤ አመሌ ነው።

ቄስ እዩኤልንም አልማርኳቸውም። ካረፉ በኋላ ነው የደባልቄም የንስሐ አባት እንደነበሩ የሰማሁት። አጎቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ነበር ማለት ነው። ባቢከር ጡረታ ከወጣ በኋላ አሶሳ ገበያ አገኘሁትና፣ ያኔ ቄስ መጥተው አነጋግረውህ ነበር ወይ አልኩት። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "ቄስ መጣ። ሻይ ጠጣን። ጥሩ ሰው ነበር" አለኝ። ምን ተባባላችሁ ስለው ሳቀብኝና፣ አንተ ብዙ ትጠይቃል ብሎኝ ሄደ።

ዘንድሮ ደባልቄ በአመክሮ ተፈታ።

ወሬው ባምባሲ ቀድሞት ገባ፤ እኔ ግን ወደኔ ይመጣል አላልኩም። የገበያ ቀን ነበር፣ ምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ጋብ ብሏል። አንድ ሽማግሌ ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሽሮ አለ ወይ አለኝ። የቅንድቡን ጠባሳ ሳይ አወቅሁት። ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ከድስቱ ጨለፍኩ፣ እንጀራ ዘረጋሁ፣ አመጣሁለት። አመለኛው እጄ ወደ አፌ እንዳልሄደ ያወቅሁት ሣህኑን ፊቱ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

እጁን ታጥቦ ተመልሶ ተቀመጠ። አልነካውም። ቀና ብሎ አየኝ።

"ልጄ፣ ያኔ አልጠየቁሽም" አለ። "አውቄዋለሁ። ልጅ አታልዬ ነው የኖርኩት እያልኩ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የታሰርኩት። አሁን ትልቅ ሰው ነሽ። ካልፈለግሽ ሣህኑን አንሺው፣ እሄዳለሁ፤ አልቀየምም።"

ጓዳው በር ላይ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

ይሙት አልልም። እውነቴን ነው፤ ሰው በፍርድ ይሙት ሲባል በሬዲዮ ስሰማ የዚያ የማንጎ ዛፍ ጥላ ትዝ ይለኛል፣ ከችሎት ውጭ የቆመች የማላውቃት ልጅም ታሳዝነኛለች። ይኼ ክርስትና ከሆነ ክርስቲያን ነኝ። ግን ቆሜ ያን ሽሮ አየሁት፣ አየሁት፣ እጄ እምቢ አለኝ። ስምንት ዓመቴ ላይ ሞትን ፈርቼ የዋጥኩትን፣ ዛሬ ምንም ሳልፈራ መዋጥ አቃተኝ።

"ስርጉት፣ ቅመሺ" አለች እናቴ ከጓዳ።

ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። ደሜ ፈላ።

"እማ፣ ያኔ እኔ ላይ ጣልሽው" አልኳት። "ዛሬ ራስሽ ቅመሺ።"

ደባልቄ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ። እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች። መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ገጹን አላየችም፤ ሣህኑን በእጇ ዳሰሰችና ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች።

"ጨው የለውም" አለች።

ደባልቄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጨዉን አምጥቼ መሃላቸው አስቀመጥኩላቸው። ወንበር ግን አልሳብኩም።